ከትከሻዬ ማዶ ለሚመለከተው ሰው

በሥራ ሰዎች የትውውቅ መድረክ ላይ ሰው በመተዋወቅ የተካኑትን ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ሳላመሰግን መቆየቴ ያሳፍረኛል። እኔ ጥበቡን አልታደልኩም። አዳራሽ ስገባ ግድግዳ ተጠግቼ፣ በእጄ የያዝኩትን ብርጭቆ እንደ ምርኩዝ የሙጥኝ ብዬ የምቆም ሰው ነኝ።

ባለሙያው ግን ከበሩ ጀምሮ ይታወቃል። ሲጨብጠኝ ዓይኑ የሚያርፈው ፊቴ ላይ ሳይሆን አንገቴ ላይ በተንጠለጠለው ባጅ ላይ ነው። ፊትማ ያታልላል፤ የሥራ መደብ ግን ታትሞ ተንጠልጥሏል። ከዚያ «እርስዎ ምን ላይ ነው የሚሠሩት?» ይለኛል። መልሱን ስጀምር ዓይኑ ትከሻዬን ተሻግሮ ሄዷል። ይህን ንቀት የሚሉ ክፉዎች አሉ። ሰውየው እኮ ዘብ ቆሞ ነው! ከኋላዬ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ሹልክ ብሎ ቢያልፍ ማን ይጠየቃል?

ጆሮውማ ተአምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ኔቪል ሞሬይ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ሰው ትኩረት ካልሰጠው ንግግር መካከልም የራሱን ስም ሊሰማ እንደሚችል በሙከራ አሳይቷል። የእኛ ባለሙያ ይህን አሻሽሎታል። አፍንጫው ሥር ቆሜ የምናገረውን አይሰማም፤ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጥግ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ቃል ሲነሣ ግን እናቱ ያወጣችለትን ስም የሰማ ያህል ይዞራል።

አንድ ምሽት ለፈተና ያህል «ትናንት ከሥራ ተባረርኩ» አልኩት።

«ድንቅ ነው! በርቱ፣ ይቀጥሉበት» አለኝና ካርዱን ሰጠኝ። ሦስተኛዬ ነበር። በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ስንተዋወቅ ደስታው አንድም ጊዜ አልቀነሰም፤ እንዲህ ያለ ጽናት ከየት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ2017 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የሰማውን መልስ ተከትሎ ሌላ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው በአነጋጋሪው ዘንድ ይበልጥ እንደሚወደድ ጽፈዋል። ምክሩ ለሥራ ፈት ይጠቅም ይሆናል። ሁለተኛ ጥያቄ ለማንሣት የመጀመሪያውን መልስ መስማት ያስፈልጋላ! «ይህን ሥራ እንዴት ጀመሩት?» ብሎ የሳተ ሰው መልስ ያገኛል፤ መልሱ ታሪክ ይወልዳል፤ ታሪኩ ሌላ ታሪክ ይጠራል፤ በመካከሉ ስንት ባጅ ያመልጣል።

ደግሞም ባለሙያው ያለ ሳይንስ አይራመድም። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር፣ የሥራ ወሬ ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው የመምጣት ዕድል እንዳለው አስረድቷል። ልል ትስስር ኃይል አለው ማለቱ ነው። ባለሙያችን ትምህርቱን ከልቡ ስለያዘው ትስስሩን እጅግ አላልቶ፣ እጄን ሲለቅ ትስስሩም አብሮ ይለቃል።

እኔ ያን ምሽት በከንቱ አሳለፍኩት። ከአንዲት የድልድይ መሐንዲስ አጠገብ ቆሜ ስንጥቅ ከመስፋቱ በፊት በምን እንደሚታወቅ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት። ለባለሙያው ያልኩትን ሰምታ ኖሮ እርሷም በተራዋ ስለ መባረሬ ጠየቀችኝ፤ ቀልድ መሆኑን ስነግራት ከልቧ ሳቀች፤ ሁለታችንም የማንንም ትከሻ ሳንሻገር ወንበሮቹ ተነሡ፣ መብራቱ ቀነሰ። ወደ ቤቴ የተመለስኩት በአንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው።

ባለሙያው ያን ምሽት ስንት ካርድ እንዳደለ እንጃ። ሦስቱ እኔ ዘንድ ናቸው።