ማስተካከያ፦ መሳልና ማርጠብ ዝምድና የላቸውም

ባለፈው ስለ እንግሊዝኛ ቃላት በወጣው ጽሑፍ፣ ቢላን የመሳል ግስ የሆነው «ዌት» (whet) የመጣው ማርጠብ ከሚለው «ዌት» (wet) ነው፤ ምክንያቱም መሳያ ድንጋዩ ውሃ ይነካዋል ተብሎ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም።

ዛሬ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሁለቱን ቃላት አንድ ዓይነት ስለሚያሰሟቸው ግራ ያጋባል። የቃል ሥራቸው ማለትም መነሻቸው ግን ለየቅል ነው። ማርጠብን የሚገልጸው ቃል የ«ዋተር» ማለትም የውሃ ዘመድ ነው። የመሳሉ ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ህዌታን» ይባል ነበር፤ መነሻው ደግሞ ስለታም፣ ፈጣን፣ ደፋር የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ነው። ጀርመኖች ዛሬም ቢላ ሲስሉ «ቬትሰን» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ የነበረችው የ«ህ» ድምፅ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ጠፍታለች፤ በስኮትላንድና በአየርላንድ ግን አሁንም የምትሰማበት ቦታ አለ።

የመሳያ ድንጋዩ ስም «ዌትስቶን»ም የተገኘው ከዚሁ የመሳል ግስ ነው። ውሃ የግድ አይደለም፤ በዘይት የሚሠራባቸው ድንጋዮችም አሉ።

ትርጉሙም በብረት ብቻ አያበቃም። ከጥንት ጀምሮ ሰውን ማነሳሳት፣ ማጀገን ማለትም ነበር። «ቤዮዉልፍ» በተባለው ጥንታዊ ግጥም ጠቢባኑ ጀግናውን ለጉዞ ሲያበረታቱት የምናገኘው ይህንኑ ግስ ነው። በአይስላንድ ቋንቋ ያለው ዘመዱ «ህቬትያ» ዛሬም ማበረታታት ማለት ነው። እንግሊዝኛው የምግብ ፍላጎት መቀስቀስን በዚህ ቃል ሲገልጽም ሐሳቡ ፍላጎትን መሳል ነው እንጂ አፍን በምራቅ ማርጠብ አይደለም። ስለዚህ በዚያ አባባል ውስጥ የማርጠቡን ቃል መጻፍ፣ የተለመደ ቢሆንም፣ የፊደል ስህተት ነው።