እና ምን ይጠበስ?

ኮሌጅ ገብቼ ያስረከብኩት የመጀመሪያ ወረቀት እንደ ሃይስኩሉ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። የፊደል ግድፈቴን የነካው የለም። ኅዳጉ ላይ ግን ሦስት ቦታ አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ «እና?»። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ ለሰው ከማይነገር ውጤት ጋር፣ «ብዙ አንብበሃል። ያንተ ሐሳብ የቱ ጋ ነው?» ይላል።

ተናደድኩ። ሃይስኩል እያለሁ ድርሰቴ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚነበብልኝ ልጅ ነበርኩ እኮ! ለዚህ ወረቀት ስለ ተማሪዎችና ስለ ስልክ ጻፉ ስንባል ደግሞ ደስ ነው ያለኝ፣ ስንቴ የጻፍኩት ነገር ነው። ጥቅሙን ዘረዘርኩ፣ ጉዳቱን ዘረዘርኩ፣ «ስለዚህ በአግባቡ እንጠቀም» ብዬ ዘጋሁ።

ሰዎች የሃይስኩልንና የኮሌጅን ጽሑፍ ሲያወዳድሩ መጀመሪያ የሚያነሱት ርዝመትን ነው። እዚያ ሁለት ገጽ፣ እዚህ አስር። ቀጥሎ ሪፈረንስ፣ ቀጥሎ ሰዋስው። እኔ ግን የተለወጠው አንባቢው ነው ባይ ነኝ። ሃይስኩል የምንጽፈው መልሱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ያስተማረንም እሱ፣ ጥያቄውን ያወጣውም እሱ፣ እኛ የምናሳየው ክፍል ውስጥ ተኝተን እንዳልነበር ነው። የኮሌጁ አንባቢ ጉዳዩን ከእኛ በላይ ቢያውቅም የሚያነበው ገና እንዳላመነ ሰው ሆኖ ነው፤ የሰበሰብነውን ሁሉ ፊቱ ብንዘረግፍለት «እሺ፣ እና ምን ይጠበስ?» ብሎ ይጠብቃል።

የአምስት አንቀጹን ቀመር ታውቁታላችሁ። መግቢያ፣ ሦስት ምክንያት በሦስት አንቀጽ፣ መደምደሚያ። ብዙዎች ይራገሙታል፣ እኔ አልራገመውም። የአንድ ክፍል ተማሪ ድርሰት ተሸክሞ የሚያርም መምህርና ደወል ሊደወል ሃያ ደቂቃ የቀረው ልጅ ሌላ ምን ይዘው ይሥሩ? ችግሩ ቁጥሩ ከሐሳቡ መቅደሙ ነው። ሁለት ምክንያት ብቻ ያለው ልጅ ሦስተኛውን ይፈበርካል። አምስት ያለው ሁለቱን ይጥላል። ምክንያቶቹ እርስ በርስ ቢጣሉ ደግሞ የሚገላግላቸው የለም፣ እያንዳንዳቸው በየአንቀጻቸው ተዘግቶባቸዋልና።

ፈተናም ያባብሰዋል። ኤስኤቲ የተባለው የአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2005 በ25 ደቂቃ የሚጻፍ ድርሰት ጨምሮ ነበር። ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ያስተምሩ የነበሩት ሌስ ፔረልማን የድርሰቱን ናሙናዎች ሲመረምሩ ረዘም ያለው ድርሰት ከፍ ያለ ነጥብ ሲያገኝ አዩ፤ የተሳሳተ መረጃ መጻፍም ነጥብ አያስቀንስም ነበር። ድርሰቱ በ2016 በፈቃድ የሚወሰድ ሆነ፣ በ2021 ደግሞ ቀረ። ግን እስኪ አስቡት፣ በዚያ ያለፈ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ወረቀቱን በነፋስ ቢሞላው ይፈረድበታል?

ኮሌጆችም ከሃይስኩል ጥፋት ፍለጋ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ሃርቫርድ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹን የጽሑፍ ኮርስ በግድ እንዲወስዱ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው።

ወደ ስልኬ ልመለስ። መምህሬ ጋ ሄጄ ሳጉረመርም የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስልክ የሚያበዙ ተማሪዎች እንቅልፍ እንደሚያንሳቸው ጽፈሃል። ስልኩ ነው እንቅልፍ የሚነሳቸው ወይስ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ነው ስልክ የሚያነሱት?» ዝም አልኩ። አስር ገጽ ስጽፍ አንዴም አልመጣልኝም። እዚያች ጥያቄ ላይ ብቻ ሙሉ ወረቀት መጻፍ ይቻል ነበር፤ ጥቅምና ጉዳቱን ሁሉ ትቼ።

ስለ ሪፈረንስም ያኔ ነው የገባኝ። ሃይስኩል «ኮፒ እንዳትባሉ ምንጭ ጥቀሱ» ይሉናል፣ እኛም እንደ ቅጣት እናየዋለን። የስነ ልቦና ሰዎች በሚወዱት፣ ኤፒኤ በሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ ስልት ከጸሐፊው ስም ቀጥሎ የሚመጣው ዓመቱ ነው፣ ጥናቱ አርጅቶ እንደሆነ ወዲያው እንዲታይ። የስነ ጽሑፍ ሰዎች በሚጠቀሙበት፣ ኤምኤልኤ በሚባለው ስልት ደግሞ የገጽ ቁጥሩ ነው፣ አንባቢው ሄዶ ያቺኑ መስመር እንዲያያት። ሁለቱም ለአንባቢ የተተወ ዱካ ናቸው። (ነጠላ ሰረዝ አሳስተሃል ብሎ ነጥብ መቀነስ ግን አሁንም አይዋጥልኝም።)

ወረቀቱን ደግሜ እንድጽፍ ተፈቀደልኝ። የድሮውን ሳነበው የገረመኝ፣ ሐሳብ የሚመስል ነገር ብቅ ያለው መጨረሻው አንቀጽ ላይ መሆኑ ነው፤ እስከዚያ ስሟሟቅ ነው የቆየሁት። እሱን አንስቼ መግቢያ አደረግኩት። ከአስሩ ገጽ ስድስቱን ጣልኩ፣ ሆዴ እየባባ። እንቅልፍና ስልክ ብቻ ቀሩ።

ሲመለስልኝ ኅዳጉን ነው መጀመሪያ ያየሁት። «እና?» ከሦስት ወደ አንድ ወርዳለች።