«ጥቁር ሰው ቢላ አይስማማውም» ለሚለው እርማት

እዚህ የደሴ ልጆች በምንገናኝበት ገጽ ከትናንት ጀምሮ አንድ አስተያየት ሲደጋገም አያለሁ። ፍሬ ነገሩ «በአሜሪካ ጥቁሮች በካንሰር ከነጮች ይልቅ የሚሞቱት ሰውነታቸው ቀዶ ጥገና ስለማይቀበል ነው፤ ለእኛም ቢላ ይቅርብን» የሚል ነው። ለዘመድ አስባችሁ እንደጻፋችሁት አልጠራጠርም። የሞቱ ልዩነትም እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ተገልብጧል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የሳንባ ካንሰራቸው በጊዜ የተደረሰበትን፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ከ10,000 የሚበልጡ አሜሪካውያን ተመልክቷል። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ከነጮቹ 76.7 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 64 በመቶ ብቻ ነበሩ። አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት ደግሞ ከነጮቹ 34.1፣ ከጥቁሮቹ 26.4 በመቶ። ቀዶ ጥገና ያገኙት ለብቻቸው ሲነጻጸሩ ግን የሁለቱ ወገን ዕድል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። አብዛኛውን ልዩነት ያመጣው የቢላው መቅረት እንጂ ቢላው አልነበረም።

የጥናቱን አጭር መግለጫ በመጽሔቱ ድረ ገጽ ላይ ማንበብ ይቻላል። አጠቃላዩን ሞት ትታችሁ የታከሙትንና ያልታከሙትን ለየብቻ ተመልከቱ።

ይህን የምጽፈው ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች አንዲት የሠፈራችን እናት አስተያየቱን አንብባ ቀጠሮዋን እንዳትሰርዝ ነው። (ጠበሉም ዱዓውም ከሐኪም ቀጠሮ ጋር አይጣላም።) አስተያየቱን የጻፋችሁ ወንድሞችና እህቶች ብታስተካክሉት ደስ ይለኛል።