ለሳን ፍራንሲስኮ ጉም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ጉም፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከታጠበ ሦስተኛ ቀኑን ከያዘውና እስካሁን ካልደረቀው ካልሲዬ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ከሰንሴት ሰፈር ነው። ሰንሴት በእኛ ቋንቋ ፀሐይ መጥለቂያ እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች አልዋሹም፤ ፀሐይ እዚህ ትጠልቃለች አሉ እንጂ ትወጣለች አላሉም። ቤቱን አይቼ የተከራየሁት በጥቅምት ነበር፤ ሰማዩ የተወለወለ መስታወት ይመስል ነበር። አከራዬ ቤታቸውን በሐምሌ ለሰው የማያሳዩበት ምክንያት የገባኝ ሐምሌ ሲደርስ ነው። ለካ በሐምሌ ሰማዩን የሚሸፍኑት እርስዎ ነዎት፤ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በነፃ ነው። በዚህ ከተማ ኪራይ ሳይከፍል የሚያድር እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ለአንዲት ክፍል በወር የምከፍለውን ለእናቴ የነገርኳት ዕለት «ቤቱን ገዛኸው እንዴ?» ብላኛለች።

እርግጥ ቀዳሚነትዎን አልክድም። ከአገሬው ነባር ሕዝብ ከኦሎኔዎች በቀር ከእርስዎ በፊት እዚህ ነበርኩ የሚል የለም። የስፔን መርከቦች ከማኒላ ሸቀጥ ጭነው በዚህ ጠረፍ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲመላለሱ፣ ያን የሚያህል የባሕር ወሽመጥ ከአፍንጫቸው ሥር ተደብቆ ቀርቷል። መግቢያው ጠባብ መሆኑ ረድቶዎታል፤ የቀረውን የሸፈኑት ግን እርስዎ ነዎት። በመጨረሻ ወሽመጡን ያገኙት መርከበኞች እንኳ አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1769 ስፔናዊው መኮንን ፖርቶላ የሚመራቸው ሰዎች የሞንተሬይን ወደብ ፍለጋ በእግር ሲሄዱ ወሰን አልፈው፣ ተራራ ላይ ወጥተው አዩት። የመጀመሪያዋ የስፔን መርከብ በሰርጡ የገባችው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1775 ነው። ሥራ ከተባለ ይህ ሥራ ነው፤ አገር መደበቅ! ዛሬ ወርደው የእኔን ካልሲ በማርጠብ መጠመድዎ ያሳዝነኛል።

በ1848 ወርቅ ተገኘ ሲባል አንድ ሺህ ያህል ሰው የነበረባት መንደር በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ አምስት ሺህ ገደማ ሆነች። መርከበኛው ሁሉ መርከቡን ወደቡ ላይ ጥሎ አካፋውን ይዞ ሮጠ። የተተዉት መርከቦች መጋዘንና ማደሪያ ሆኑ፤ ባሕሩ በአፈር ሲሞላም ከነአካላቸው ተቀበሩ። በ1994 ለባቡር ዋሻ ሲቆፈር «ሮም» የምትባል መርከብ ተገኘች፤ ዛሬ ባቡሩ በሆዷ ውስጥ ያልፋል። ይህች ከተማ መርከብ የሚያህል ነገር ቀብራለች፤ እርስዎን የሚቀብር ግን እስካሁን አልተወለደም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሚያዝያ 1906፣ በእነርሱ ሰዓት አቆጣጠር ከንጋቱ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ፣ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ከተማዋ ሦስት ቀን ነደደች፤ አብዛኛው ክፍሏ አመድ ሆነ። ያን ጊዜ የት ነበሩ? ለዚያ እሳት ያልደረሰ እርጥበት ለእኔ የልብስ መስቀያ በየማለዳው ይደርሳል።

መጓጓዣውንም ያውቁታል፤ ቲኬት ባይቆርጡም። ሃሊዲ የተባለው ሰው በ1873 ኬብል ካርን በክሌይ ጎዳና ያስጀመረው፣ ፈረሶች በእርጥብ ዳገት ላይ እየተንሸራተቱ ሲሰቃዩ አይቶ ነው ይባላል። መንገዱ ሥር የብረት ገመድ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያቋርጥ ይሮጣል፤ ሾፌሩ ረጅም ዘንግ ስቦ ገመዱን ይጨብጣል፣ ሠረገላውም ዳገቱን ይያያዘዋል። በ1947 ከንቲባው ሊያስቀሩት ሲነሱ ፍሪደል ክሉስማን የተባለች ሴት ሌሎች ሴቶችን አሰባስባ ከመቅረት አስጥላዋለች። እኛ ለዚያች አጭር መንገድ ኪሳችንን እናራግፋለን። እርስዎ ያንኑ ዳገት ያለ ገመድ፣ ያለ ዘንግ፣ ያለ ክፍያ ይወጡታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ1918 የተከፈተው የትዊን ፒክስ ዋሻ ነው። ባቡሩ ውስጥ ከመሐል ከተማ በፀሐይ እንገባለን። ዋሻው መሐል ላይ ስንደርስ፣ ገና ጨለማ ሳለን፣ አንዲት አሮጊት ጋዜጣቸውን አጥፈው የጃኬታቸውን ዚፕ እስከ አገጫቸው ይዘጋሉ። ከዚያ ከጎናቸው ያለው፣ ከዚያ ከኋላ ያለው፤ ዝዝዝ፣ ዝዝዝ ይላል ፉርጎው። ዚፕ ያልዘጋው እንግዳ ነው፤ እጀ ጉርድ ለብሶ ግራ ተጋብቶ ያየናል። በዚያኛው አፍ ስንወጣ ደግሞ እርስዎ ቆመው ይጠብቁናል፤ እንግዳውም ነገሩ ይገባዋል።

አዋቂዎች የእርስዎን አመጣጥ አስረድተውኛል። የባሕሩ ውሃ ከጥልቁ ስለሚገላበጥ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። ከተራራው ወዲያ ያለው የካሊፎርኒያ ሸለቆ በበጋ ሲግል ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ቦታውን ለመሙላት የባሕሩ እርጥብ አየር ወርቃማው በር (ጎልደን ጌት) በሚባለው ሰርጥ ሰተት ብሎ ይገባል። በዚያ ሸለቆ ያለችው የሳክራሜንቶ ከተማ ሰው ሲጠበስ እኛ እንንቀጠቀጣለን ማለት ነው። የጠረፉ ሬድውድ ዛፎችም ዝናብ በሌለበት በጋ የሚኖሩት የእርስዎን ጠል እየጠጡ ነው ይላሉ። ይሁን፤ እኔ ግን ዛፍ አይደለሁም።

በዚያ ሰርጥ ላይ የተዘረጋውን የጎልደን ጌት ድልድይንስ? ከ1933 እስከ 1937 ተለፍቶ የተሠራ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ብቻ 1280 ሜትር የሚዘረጋ፣ ምሰሶዎቹ 227 ሜትር የሚረዝሙ። የባሕር ኃይሉ ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉር ይሁን ብሎ ነበር። ብርቱካንማ እንዲሆን የተሟገተው አርክቴክቱ ሞሮው ነው፤ አንዱ ምክንያቱም በእርስዎ ውስጥ እንዲታይ ነው። ሥሩ ደግሞ ጡሩምባ ተተክሏል፤ እርስዎ ሲመጡ ለመርከቦች ይነፋል። የኛ ነገሥታት በእምቢልታና በነጋሪት ይገቡ ነበር፤ በአሜሪካ ሪፐብሊክ ይህ ክብር የተረፈው ለእርስዎ ነው። ጡሩምባው ለጌጥ አለመሆኑን አውቃለሁ። በ1901 «ሲቲ ኦፍ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ» የተባለችው መርከብ በጉም ውስጥ ከዓለት ተላትማ እዚያው ሰርጡ ላይ ሰጥማለች፤ ከመቶ ሃያ በላይ ሰው አልቋል። ይህን በሽሙጥ ማለፍ አልሆነልኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፤ አንቱታውም እዚሁ ያብቃ። አንተ ጉም!

አክስቴን ታስታውሳቸዋለህ? ባለፈው ሐምሌ ከደብረ ሲና ድረስ የመጡትን፣ ነጠላቸውን በሹራብ ላይ የደረቡትን። እኚህ ሴት እንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ውስጥ ድልድዩ የታተመበትን ካላንደር ከሰቀሉ ዓመታት አልፈዋል። ወራቱ አልቀው ቢቀደዱም ሥዕሉን አላወረዱትም። «አንድ ቀን በእግሬ እረግጠዋለሁ» ይሉ ነበር።

በ28 ቁጥር አውቶቡስ ወሰድኳቸው። ወረድን፣ ተራመድን፣ ቆምን። ዙሪያችን የተዳመጠ ጥጥ ነበር።

«ድልድዩ የታለ?» አሉኝ።

«ላዩ ላይ ነን እኮ፣ እትዬ።»

የብረቱን መከላከያ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ እጃቸው ረጠበ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ቀና ብለው ምሰሶውን ፈለጉ፤ እግሩ አለ፣ ጉልበቱ አለ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። በዚህ መሐል ጡሩምባው ከእግራችን ሥር ሲያጓራ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቀንና ሌሊት በሰማይ የበረርኩት ለዚህ ነው? ይህማ ጣርማ በር ላይ ሞልቶ የለም እንዴ!»

ፎቶግራፍ አነሳኋቸው፤ አክስቴ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ብረት፣ ነጭ። ደብረ ሲና ያሉት ዘመዶቻችን ሥዕሉ እንደደረሳቸው ደወሉ፤ «መቼ ተመለሱ? ምነው ሳይነግሩን?»

በማግስቱ ሄድን፣ አንተም ሄድክ። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጠን የዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ስንዞር፣ በቁምጣ የመጣው ቱሪስት ሁሉ የከተማዋ ስም የተጻፈበት ሹራብ ለመግዛት ተሰልፎ ነበር። አክስቴም አንድ ገዙ። ከሹራብ ሻጮቹ ጋር በኮሚሽን እንደምትሠራ የጠረጠርኩት ያን ዕለት ነው። የከተማው ሰው ግን ያሞላቅቅሃል፤ ካርል የሚል ስም አውጥቶ ፎቶህን ያነሳል።

አክስቴ በነሐሴ መጨረሻ ተሳፈሩ። በመስከረም አንተ ጓዝህን ጠቅልለህ ጠፋህ፤ ድልድዩ ከነምሰሶው፣ ከነገመዱ፣ ከነጥላው ብቅ አለ። እየሮጥኩ ሄጄ አነሳሁትና ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማብኝ አዝነው ይመስላል፤ «ይህማ የካላንደሩ ነው።»

ልብሱ ያልደረቀለት ጎረቤትህ፣
ከሰንሴት።