አያ ጅቦን ጨዋ አታድርጉብን

የልጆች መጽሐፍ ሊገዛ የገባ ወላጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። እዚያ «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» የሚል ጥያቄ ከነመልሱ ተቀምጧል። መታዘዝ። አለመዋሸት። ንጽሕና። ወላጁ ደስ ብሎት ይከፍላል። ልጁ ቤት ሄዶ ሁለት ገጽ ያነብና ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ስልኩን አትውቀሱት። መጽሐፉ ውስጥ ምንም አልተፈጠረም። አንድ ጎበዝ ልጅ አለ። ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ይታጠባል፣ እናቱን ይታዘዛል፣ በክፍሉ አንደኛ ይወጣል። አንድ እምቢተኛ የጎረቤት ልጅ ደግሞ ከዛፍ ይወድቃል። አለቀ። ይኼ ሥዕል የገባበት የትምህርት ቤት ደንብ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ትምህርቱን ቀድመን መርጠን ታሪኩን በልኩ ስንሰፋ ይመስለኛል። እንዲያ ሲሆን ግጭት ለጸሐፊው ሥጋት ይሆንበታል። ገጸ ባሕርይው እንዳያጠፋ ይጠብቀዋል። የማያጠፋ ልጅ ደግሞ ታሪክ የለውም።

ልማዱ ከአያቶቻችን የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አያቶቻችን ግጭት መፍጠር ያውቁበት ነበር። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን እንውሰድ። ሰባት ቃል ብቻ ነው። ውስጡ ግን ገጸ ባሕርይ አለ፣ ፍላጎት አለ፣ እንቅፋትም አለ። እስቲ ለሰባት ዓመት ልጅ ታሪክ እናድርገው።

መጀመሪያ፣ አያ ጅቦ አገሩን ለምን ለቀቀ? ይህን ሳይመልስ የሚጽፍ ሰው ገና ገጸ ባሕርይ አላገኘም። እኔ ብጽፈው አያ ጅቦ በአገሩ በሄደበት ሁሉ በር ይዘጋበታል። አንድ ቀን እንኳ «ኖር!» ተብሎ ሰው ቢነሳለት ይመኛል። ይኸው ነው ምኞቱ። ትንሽ ናት፣ ልጅም ትገባዋለች። አንድም ሰው የማያጫውተው ልጅ በየክፍሉ አለ።

ስለዚህ ጋቢውን ተከናንቦ ሩቅ አገር ይሄዳል። አንዲት ደግ እማማ ይቀበሉታል። «ኖር! ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብለው ቁርበት ያነጥፉለታል። እንባው ሊመጣ ይደርሳል። እራት ሽሮ ቀርቦለት በጨዋ ደንብ ይበላል። ከዚያ ኩራዙ ይጠፋል።

አሁን ነው ጉድ የሚመጣው። ቁርበቱ አፍንጫው ሥር ነው። ይሸተዋል። ጀርባውን ሰጥቶ ይተኛል፣ አሁንም ይሸተዋል። ተነስቶ በሩ ሥር ይቀመጣል። እማማ ብንን ብለው «ምነው ልጄ፣ ቁርበቱ አልተመቸዎትም?» ይሉታል። «ኧረ ተመችቶኛል!» ብሎ ይመለሳል። ውሰዱልኝ ቢል ይነቃበታል፤ ቁርበት እምቢ የሚል እንግዳ የት አለ? ጠርዟን ብቻ ብቀምሳትስ? ማን ያየኛል?

ሴራ ማለት ለእኔ ይኼ ነው። መውጫው አንድ በአንድ ይዘጋል፣ የሚዘጋውም ገጸ ባሕርይው ራሱ ነው። ልብ ሰቀላው የመጣው ከጦርነት ወይም ከዘንዶ አይደለም። አንድ ጅብ አንድ ሌሊት መቻል አለመቻሉ ነው ጥያቄው። ስኳር ዕቃ አጠገብ ብቻውን የቀረ ልጅ ይህን ሌሊት በደንብ ያውቀዋል። የደንብ ጸሐፊው ግን እዚህ ጋ አይቆይም። ጅቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቁርበቱን አስበልቶ፣ በዱላ አስመትቶ፣ «ስለዚህ ስስት መጥፎ ነው» ይላል። ሌሊቱን ሰረቀን።

ግብረ ገብ የሚያስተምሩትም ቢሆኑ ጥሩዎቹ እንዲህ አያደርጉም ነበር። ከበደ ሚካኤል አዝማሪውን የሞላ ወንዝ ዳር ያቆሙታል። መሻገር አለበት፣ በእጁ ያለው ዘፈኑ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ውሃውን ያሞግሳል። የሰማው ውሃ አልፎ እንደሚሄድ፣ የሚከተለው ደግሞ እንዳልሰማ አንድ መንገደኛ ሲነግረው እኛ ቀድመን ከአዝማሪው ጋር ቆመናል። ትምህርቱ የመጣው ከችግሩ በኋላ ነው። አባባ ተስፋዬም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ከመድረክ የመጡ ተዋናይ ነበሩ። ተዋናይ ደግሞ ገጸ ባሕርይው ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ ድምፁን እንኳ መቀየር አይችልም።

በዘመናችን ታሪኮች ላይ ሌላም ቅሬታ አለኝ። የግጭቱ መጠን ነው። ወይ ምንም የለም፣ ወይ ወላጅ ይሞታል፣ ልጅ ይታፈናል። መካከሉ የት ሄደ? የሦስተኛ ክፍል ልጅ ዓለም ውስጥ ላጲስ ትልቅ ነገር ነው። ሃና ሽታ ያለውን አዲሱን ላጲሷን ለሜሮን አዋሰቻት እንበል። ሜሮን የሒሳብ ጥያቄው ሲከብዳት ሳታስበው ጫፉን ነከሰችው። (ጅቡም ልጅቷም ነካሾች ሆኑብኝ፣ ምን ላድርግ።) ትናገር? «ትንሹ ወንድሜ ነው» ትበል? በእረፍት ሰዓት ቦርሳዋ ውስጥ ሹልክ አድርጋ ትክተተው? በዳቦ መግዣዋ ሌላ ትግዛ? አንዱን ስትሞክር ሌላው ይበላሻል። ከዚህ ስምንት ገጽ ይወጣል።

የተለመደው መፍትሔ «ሚስ መጥተው አስታረቋቸው» ነው። እባካችሁ ሚስን ተዋቸው። በኑሯችን ሽማግሌ ማስታረቁ ደግ ነው፣ በታሪክ ውስጥ ግን ከጉድጓዱ የሚወጣው የገባው ልጅ መሆን አለበት። ሃናም ወዲያው ይቅር ማለት የለባትም። እውነተኛ ልጅ ሁለት ቀን ያኮርፋል።

«ታዲያ ልጄ መዋሸት ይማራል» የሚል ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። ስጋቱን አልንቀውም። ግን ሜሮን በወንድሟ ስታሳብብ ሆዷ ሲገላበጥ፣ ወንድሟም ቤት ሲቆጡት አይተናል። አትዋሽ ከሚለው ገጽ ይልቅ ይኼ ይበልጥ የሚቆይ ይመስለኛል። ደግሞ እመት ጦጢትን አስቡ። ዋሾ ናት፣ አታላይ ናት፣ ትውልድ ሁሉ ይወዳታል። ከዚህ የተነሳ ሌባ የወጣው የለም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በታሪካችን ክፉ ሰው ሲፈለግ የእንጀራ እናት ትመጣለች። ወይም መልከ ጥፉዋ። ወይም አንካሳው። ታሪኩ ሲነበብ ክፍሉ ውስጥ ከእንጀራ እናቱ ጋር የሚኖር ልጅ ተቀምጧል፣ እሷም ምናልባት ምሳውን በፍቅር ቋጥራለታለች። ክፉ ገጸ ባሕርይ ምክንያት ይሰጠው። ምን ፈልጎ ነው? ምን አጥቶ ነው? ይህን ስትጠይቁ ክፉው ራሱ ሰው ይሆናል።

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆቻችን የሚጽፉትም አንድ ወጥመድ አለባቸው። ሜሪላንድ ያደገ የአሥር ዓመት ልጅ አማርኛው የአራት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአራት ዓመት ልጅ ታሪክ ይሰጡታል፦ ላም፣ በግ፣ ዶሮ። ልጁ ሼም ይይዘዋል። ቃሉ ይቅለል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይጠር። ግጭቱ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ግጭት ይሁን። «አልሰጥህም» የሚለው ቃል ቀላል ነው፣ የሚያስነሳው ጠብ ግን ትልቅ ነው።

ሠዓሊውንም አንርሳው። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ያለውን ደግሞ እንዲሥል ብቻ ይታዘዛል። ጅቡ ተኛ ከተባለ የተኛ ጅብ ይሥላል። ባይሆን ሥራውን ይካፈሉ። ጽሑፉ «አያ ጅቦ ሌሊቱን በሰላም አደረ» ይበል። ሥዕሉ ላይ ቁርበቱ በአንድ ጥግ ይጉደል፣ ጢሙ ላይም ሁለት ፀጉር ይቅር። ማንበብ ያልጀመረው ትንሹ ልጅ ከሚያነብለት አባቱ ቀድሞ «ውሸቱን ነው!» ብሎ ይጩህ።