«ቀድሞ የገባ ልጅ ጓደኛ ያጣል» ለሚለው

እህቴ፣ «ጎበዝ ልጅ ዕድሜው ሳይደርስ አንደኛ ክፍል ከገባ ጓደኛ ያጣል፣ ይጨነቃል» ላልሽው ትንሽ እርማት አለኝ። በሰፊው ይወራል እንጂ ጥናቶቹ አይደግፉትም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሪፖርት የብዙ ዓመታት ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ዝግጁነታቸው በደንብ ተመዝኖ ቀድመው የገቡ ልጆች አብዛኞቹ በትምህርቱም በጓደኝነቱም ደህና ናቸው።

ቁም ነገሩ «ተመዝኖ» የሚለው ላይ ነው። ማንበብ ብቻውን አይበቃም። የገዛ እህቴ ልጅ በ5 ዓመቷ የታክሲ ጥቅስ ሁሉ ታነብ ነበር። ምሳ ዕቃዋ አልከፈት ሲላት ግን መምህሯን «ክፈቺልኝ» ማለት እያፈረች ጾሟን ትመለሳለች! እኛ አገር የአንደኛ ክፍል መነሻው 7 ዓመት ነው። እሷን በ6 አስገባናት፤ መጀመሪያ ግን ምሳ ዕቃውን አለማመድናት።