ማስተካከያ፦ በአፍሪካ ትልቁ አሬና የኪጋሊው አይደለም

የኪጋሊው ቢኬ አሬና «ለስፖርትና ለኮንሰርት ከተሠሩት የአፍሪካ ዝግ አዳራሾች ትልቁ ነው» ተብሎ የተሰራጨው መረጃ ትክክል አይደለም። ቢኬ አሬና የሚይዘው 10,000 ሰው ገደማ ነው። ከዳካር ወጣ ብሎ ዲያምኒያዲዮ ላይ ያለው ዳካር አሬና ግን 15,000 ይይዛል። የተከፈተውም ቀድሞ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱንም የገነባው ሱማ የተባለ የቱርክ ኩባንያ ስለሆነ መምታታቱ ብዙም አይገርምም።

ሌላም አለ። «ኪጋሊ አሬና» እና «ቢኬ አሬና» ሁለት ቦታዎች አይደሉም፤ ያው አንድ አዳራሽ ነው። በ2019 ሲመረቅ ኪጋሊ አሬና ነበር የሚባለው። በ2022 የኪጋሊ ባንክ የስያሜ መብቱን ሲገዛ ስሙ ተቀየረ።

ይህ የሩዋንዳን ሥራ ከቶ አያሳንስም። በ2021 የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ውድድር በሙሉ የተካሄደው እዚያ ነው። ዋንጫውን የግብፁ ዛማሌክ ወሰደ።